ባጃጅ የተሳፈረው ድምፄ

ቡታጅራ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ድምፄን የሚያውቅ ይበዛል። የሱቅ ማስታወቂያ እቀዳለሁ፤ ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ የሙሽራ ልብሱ ሁሉ በእኔ አንደበት ይጠራል። ቅጂው ባጃጅ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ይውላል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ማይክ ፊት ስቆም ረሃቡም ድካሙም ይጠፋልኛል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ሥራ ስወጣ ልጄን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር፤ ያንቺስ ጭራሽ ባጃጅ ተሳፈረ» እያለች ታሾፍብኛለች።

አንድ ሰሞን ወልቂጤ ሥራ በዛልኝና እዚያው ሰነበትኩ። ስመለስ እናቴ በር ላይ አይታኝ ደነገጠች።

«ወላሂ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ከተማ ያለሽ መስሎኝ ነበር። አሁን እንኳ በዚህ አለፍሽ» አለች፤ የተናገረችው ለራሷም ገረማት።

ልጄ ገና አራት ዓመት አልሞላትም። በረንዳው ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀምጣለች። ጠራኋት። አልዞረችም። ጠጋ ብዬ ደገምኩ። ጎረቤት እንደመጣ ሁሉ ቀና ብላ አየችኝና ወደ መንገዱ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ከገበያው በኩል ድምፄ መጣ። ቃሉ ገና አይለይም፤ ሳቄን ግን ለየሁት። የምንጣፉ ማስታወቂያ መሃል ላይ እስቃለሁ። እኔ አፌን ዘግቼ ቆሜ ያ ሳቅ እየቀረበ ሲመጣ ጀርባዬን በረደኝ።

ልጄ ተነስታ ጫማዋን አደረገች፤ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች።

«እማ መጣች» አለችኝ፣ ለእንግዳ እንደሚነገር በትህትና።

ባጃጁ ደጃችን ላይ ሲቆም ሄዳ ድምፅ ማጉያውን ታወራው ጀመር። ትኩሳት ይዟት እንደነበር፣ ድመቷ እንደወለደች። ድምፄ «ኑ፣ ግቡ፣ ለእናንተ የማይሆን የለም» ይላታል። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ስለ ትኩሳቱ እኔ አልሰማሁም። እናቴ ሥራዬን ጥዬ እንዳልመጣ ብላ ደብቃኛለች።

ሮጬ ወጣሁና ሹፌሩን «በእናትህ አጥፋው» አልኩት። አጠፋው። ጸጥታው ከድምፁ ባሰ። ልጄ ባጃጁ ውስጥ ገብታ ትፈልግ ጀመር፤ አጎንብሳ መቀመጫው ሥር ሳይቀር አየች።

«ይኸው እኮ፣ እኔ ነኝ» አልኳት፤ እንባዬ መጣ።

«አይደለሽም። እማ በየቀኑ ነው የምትመጣው» አለች።

ልይዛት ብል ሸሸችኝ። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ማይክ ፊት እንደምቆመው ቆሜ፣ በዚያው በደመቀው ድምፅ «ኑ፣ ግቡ» አልኩ። መሃል ላይም ሳቅሁ።

ፊቷ በራ። እጇን ሰጠችኝ፤ ዓይኗን ግን ከባጃጁ አልነቀለችም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ከተማ ሄጄ አላድርም። ዛሬም ግን ለእራት ስጠራት፣ በራሴ ድምፅ አትመጣም።