የወንድሜ ዝላይ

ወንድሜ ሲዘል መጀመሪያ ያየሁት ዳላስ አጠገብ ባለችው ፋርመርስ ብራንች፣ ከምንሠራበት መጋዘን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። የምሳ ሰዓት ነበር። የፈረቃ አለቃችን አውስትራሊያዊ ነው፤ ዕድሜው አርባ አምስት ገደማ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀኝ ጉልበቱ እንደ ልብ የማይታጠፍለት ሰው። የዚያን ቀን ከመኪናው ውስጥ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ቀይ የቆዳ ኳስ አወጣና ለቀልድ ያህል ወደ ላይ ለጋት። ሦስት አራት ሠራተኞች እየተሳሳቁ ሊሻሙባት ተሰበሰቡ። ወንድሜ ራቅ ብሎ ሳንድዊች እየበላ ነበር። ሳንድዊቹን በግራ እጁ እንደያዘ አምስት ስድስት እርምጃ ሮጠና ከመሬት ተነሣ። ዘለለ ማለት አይበቃም። ጉልበቱ እዚያ የቆሙት ሰዎች ደረት ጋ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ኳሷን በአንድ እጁ አየር ላይ ቀለባት፣ ወረደ፣ ሳንድዊቹን ገመጠ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቴ ላይ እንደተቀመጥኩ "ሱብሃነላህ" አልኩ። ይህን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌዋለሁ። ምን እንደሚወድ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ሲዋሽ የትኛው ጆሮው እንደሚቀላ ሳይቀር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ይህ ነገር ውስጡ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። አለቃችን ወደ እኔ መጣና ማን እንዳስተማረው ጠየቀኝ። ማንም አላስተማረውም አልኩት። ወንድሜን አሻግሮ አየውና ያስፈራል አለ። ያኔ ምኑ እንዳስፈራው አልገባኝም።

በእኔና በወንድሜ መካከል የአሥራ አንድ ዓመት ልዩነት አለ። አባታችን ደሴ ላይ ሲሞት እሱ ገና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ስለዚህ ወንድምም አባትም የሆንኩት እኔ ነኝ። ዳላስ ቀድሜ መጣሁ። እሱ ከዓመታት በኋላ ዲቪ ደርሶት ተከተለኝና ሌክ ሃይላንድስ ያለችው አፓርትመንቴ ውስጥ ገባ፤ ሥራም እኔው ጋ አስገባሁት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል፤ ሆኖም "ወንድም ጋሼ" እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እኔ ቁጡ ነኝ፤ አይደለሁም ብል የሚያምነኝ የለም። ስጮህበት አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝና ሻይ አፍልቶ ያመጣልኛል። ይህ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

አለቃችን ቅዳሜ ጠዋት አዲሰን አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ከአገሩ ልጆችና ከጥቂት አሜሪካውያን ጋር የአገሩን ኳስ ይጫወታል። ወንድሜን ይዞት ሄደ፤ እኔም ጠባቂ መስዬ ተከተልኩ። እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። በእጅም በእግርም ነው፤ በረኛ የሚባል የለም፤ በየዳሩ አራት አራት ረጃጅም ቋሚ ተተክሏል። ከሁሉም የገረመኝ ኳሷ ከሩቅ ተለግታ ስትመጣ የሚሆነው ነው። ከኋላ ሮጦ የመጣው ተጫዋች ከፊቱ በቆመው ሰው ትከሻ ላይ ጉልበቱን አሳርፎ ሽቅብ ይወጣል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ሰው አጨብጭቦ የማይጠግበው ለዚህ ነው። ኳሷን አጥብቆ ከቀለባት ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ይቆምለታል። ከእጁ ካመለጠች ግን ጨዋታው አይቆምም፤ መሬት ላይ መሻማት ነው።

ወንድሜ በሁለት ወር ውስጥ ሜዳውን ሁሉ አስደመመ። እሱ ሲነሣ ተቃራኒዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን ትተው ወደ ላይ ያዩ ነበር። እኔም ከዳር ቆሜ በኩራት ሳብጥ፣ አጠገቤ ላለው ሁሉ ወንድሜ ነው እያልኩ፣ ሳይጠይቁኝ ስናገር ከረምኩ። አንድ ነገር ብቻ እንቢ አለው። እኩዮቹ ትከሻ ላይ እንደ ድመት ይወጣል፤ ከፊቱ ያለው አለቃችን ወይም ሌላ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሲሆን ግን ሩጫውን ያበርድና ቦታ ይለቃል። አለቃችን መጀመሪያ ፍርሃት መሰለው። ግራ ቢገባው እኔን ጠየቀኝ።

ከት ብዬ ሳቅኩ። ጁምዓ አርፍደን ስንደርስ አባቴ ሁልጊዜ በር ላይ ይሰግድ ነበር። የሰው፣ ይልቁንም የሽማግሌ ትከሻ ተራምዶ ወደ ፊት ማለፍ ነውር ነው ይለኝ ነበር። አባቴ ለእኔ ነገረኝ፣ እኔ ለወንድሜ ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ የነገሩትን የሚረሳ ልጅ አይደለም። ይህን ሁሉ ለአለቃችን አስረዳሁት። አልሳቀም። ይህን ካልተወ እዚያ ደረጃ አይደርስም አለኝ። እዚያ ደረጃ ማለት የት ነው ስለው፣ ነገሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አብሮት የተጫወተ ሰው አሁን አገራቸው ላለ ትልቅ ክለብ ተጫዋች መልማይ ሆኗል፤ ረጃጅም የቅርጫት ኳስ ልጆች ፍለጋ አሜሪካን እየዞረ ነው፤ በዳላስ ሲያልፍ አንድ ሰዓት ሊሰጠን ተስማምቷል። ከወደደው አውስትራሊያ ወስደው ሁለት ዓመት ያሠለጥኑታል።

ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ ይህን ስጡኝ ብሎ አያውቅም። ምን ትበላለህ ሲሉት ያለውን፣ ምን ልግዛልህ ሲሉት ምንም የሚል ልጅ ነው። የዚያን ሳምንት ግን መኪና ውስጥ ወደ ሥራ ስንሄድ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ይወስዱኝ ይሆን?" አለኝ። ኢንሻአላህ አልኩትና ሌላ ወሬ ጀመርኩ፤ ይህን ያህል እንደሚፈልገው ማወቄ ራሱ አስጨነቀኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዕቃ የሚያመጣ ትራክ ዘግይቶ፣ ከአለቃችን ጋር ማራገፊያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን እግራችንን አንጠልጥለናል። እሱም በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተመልምሎ ትልቁ ሊግ ገብቶ እንደነበር ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ በጉልበቱ ምክንያት እንደወጣም እንዲሁ። እኔ ወሬ ለማሳመር ያህል ጉልበትህ ባይጎዳ ኖሮ አልኩት። ከዚያ ጉልበቱ የተጎዳው ከተባረረ በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

እሱ እንዳለው፣ እዚያ የገቡት ልጆች ሁሉ በየሰፈራቸው አንደኛ የነበሩ ናቸው። ተሰጥኦ እንደ ጫማ ነው፤ ሁሉም አድርጎት መጥቷል። ባዶ እግሩን የመጣ ስለሌለ ጫማህን አይቶ የሚደነቅልህ የለም። አብረውት ከተመለመሉት ውስጥ የወደቁት ደካሞቹ አልነበሩም። አንዱ ባረፈበት የባዕድ ቤት በናፍቆት ተበላ። ሌላው ተሳስተሃል ተብሎ የማያውቅ ልጅ ስለነበር፣ መጀመሪያ ሲባል ተሰበረ። የእሱ ምክንያት ግን ከሁሉም ያንሳል።

"ኳሷን ከሰማይ ሳወርዳት ሕዝቡ ሆ ብሎ ይነሣል" አለኝ። "ያንን ድምፅ ልሰማ እቆም ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ባልደረባዬ ብቻውን ወደ ግብ እየሮጠ ነው፤ ቀና ስል ግን ደርሰውበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ አትቁም አሉኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆምኩ። እስከ ዝላዩ ድረስ ከሁሉም እበልጥ ነበር። እነሱ የሚያዩት ግን ከዝላዩ በኋላ ያለውን ነው።"

ትራኩ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። ትልቅ ሰው፣ ሃያ ሠራተኛ የሚያዝዝ ሰው፣ ሕይወቱ የተቀየረባትን ቅጽበት በጣቱ ነክቶ ያሳየኝ ያህል ነው። እኔ ብሆን ጉልበቴ ነው እያልኩ እሞት ነበር።

ወንድሜን ከእንዲህ ያለ ውድቀት ለማዳን አለቃችን አንድ መላ ዘየደ። ልጁ ሽማግሌ ትከሻ ላይ መውጣት እንዲለምድ ከእኔ የተሻለ ሽማግሌ እንደማይገኝ ነገረኝ። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ሽማግሌ መባሌ ቢያንገበግበኝም እሺ አልኩ። እሑድ እሑድ ሌክ ሃይላንድስ፣ ቤታችን አጠገብ ባለው መናፈሻ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ አለቃችን ከሩቅ ይለጋል፣ ወንድሜ ከኋላዬ ይሮጣል። ይሮጥና ጀርባዬ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ውጣ እላለሁ። እሺ ይላል። አይወጣም። ታዘዘኝ ብዬ እጮሃለሁ፤ ልጁም መከራውን ያያል፤ ሊታዘዘኝ ከፈለገ ሊረግጠኝ ነው።

መልማዩ ሊመጣ ስድስት ቀን ሲቀረው ወጣ። ጉልበቱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ከዚያ መሬቱ መጥቶ ግንባሬን መታኝ። ኳሷ ከጣቱ አምልጣ ወደ ዛፎቹ ተንከባለለች፤ እሱም እንደታዘዘው ተከትሏት በረረ። የሚያስደስት ነገር ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰዓት አጠገባችን ባሉት ጠረጴዛዎች መስጊድ የምንገናኛቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው ምሳ ይበላሉ፤ እኔ አፌ ውስጥ ሣር ሞልቶ ስነሣ ሁሉም ይስቃሉ። ደሜ ፈላ።

"ታላቅ ወንድምህን መሬት ላይ ጥለህ ነው የምትሮጠው? እንዲህ ነው ያሳደግኩህ?" አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ።

ኳሷን ጥሎ ተመለሰ። ጉልበቴን አራገፈልኝ፣ ግንባሬን አየልኝ። ራስህ አይደለህ ያዘዝከኝ አላለም። አለቃችን ከሩቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየን። ቤት ሳንደርስ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ በቤታችን ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ ስለማላውቅ ግን ዋጥኩት።

ቅዳሜ መልማዩ ወደ ሜዳችን መጣ፤ ተጫዋቾቹም ዳኛውም እንደ ወትሮው ነበሩ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ ትንሽ ደብተር ይዟል። ግማሽ ሰዓት ያህል ወንድሜ ሲሮጥ፣ ሲለጋ፣ ሲያቀብል አየውና ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። በመጨረሻም አለቃችንን ከፊቱ አቆመውና ኳሷን ራሱ ለጋት። ከፍ ብላ፣ ቀስ እያለች መጣች። ወንድሜ ሮጠ። አልቆመም። ጉልበቱን ያን ሽበታም ሰው ትከሻ ላይ አሳረፈና ወጣ፤ አሁንም ወጣ፤ ሰው እዚያ ከፍታ ላይ ምን ይሠራል እስክል ድረስ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። አላህ ለፍጡሩ ይህን መስጠቱን፣ ለእኛ ቤት መስጠቱን፣ ለማየትም ማብቃቱን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ኳሷ ከጣቱ ጫፍ አመለጠች። ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ መሬት ላይ ነጠረች፤ ከእሱ በቀር የሚቀርባት የለም። አለቃችን በግንባሩ ተደፍቷል። ወንድሜ ወደ ኳሷ ዞረ፣ ከዚያ ተመለሰ፣ ጎንበስ ብሎ ሰውየውን በሁለት እጁ አነሣው፣ ጉልበቱን አራገፈለት። ሌላ ልጅ መጥቶ ኳሷን ይዞ ሄደ። መልማዩ አንድ መስመር ጽፎ ደብተሩን ዘጋ። ጥሩ ልጅ ነው አለኝ፣ ጨበጠኝ፣ ወደ መኪናው ሄደ።

አለቃችንን፣ ወንድሜ ክፉ ነገር አልሠራም፣ ደግ ሆኖ ነው አልኩት። ትከሻውን እያሸ ቁጣ በሌለው ድምፅ መለሰልኝ፤ እንዲህ ብዬ ራሴን እንዳላጽናና፣ እዚያም ደጋግ ሰዎች እንዳሉ፣ እነሱ ግን ኳሷን ካነሱ በኋላ ሰውን እንደሚያነሱ።

"እኔ ጭብጨባ ልሰማ ቆምኩ፤ እሱ ሰው ሊያነሣ ቆመ" አለኝ። "የጠፋው ጊዜ ግን እኩል ነው።"

ስድስት ሠላሳ አምስት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ እየተንፏቀቅን ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። እኔ መሪውን አንቄያለሁ። በመጨረሻ በሕይወቴ ለማንም ታናሽ ያላልኩትን አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያን ቀን መናፈሻው ውስጥ የጮህኩብህ ነው ያቆመህ፣ ይቅር በለኝ።

ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። "ኧረ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። ማለቴ... ፊሽካ የተነፋ መስሎኝ ነው እኮ። ሶ ጨዋታው ያለቀ መሰለኝ።"

ከዳኛው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ማንም አልነፋም። ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱ አንድ ነው፣ ፊሽካ የተነፋ መስሎኝ። ታላቅህን ጥፋተኛ ነህ አትበለው ብዬ ያሳደግኩት ራሴ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ ቢያውቅ ኖሮ አምነው ነበር።