ሲሞላ የምወርድበት ሚኒባስ

«አንቺ ስትጸልዪ እኮ፣ ጎሬ ጎሬ እያለ የሚጣራ የሚኒባስ ረዳት ነው የምትመስዪው። ትጮሂያለሽ እንጂ መልሱን ቆመሽ አትሰሚም።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ እትዬ መርጊቱ ናቸው። መቱ መናኸሪያ በር ላይ ሙዝና አቮካዶ ይሸጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ደግሞ ከኋላ ወንበር አይጠፉም። ጊዜው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፍለጋ የምንከራተትበት ዓመት ነበር። እውነታቸውን ነበር። ዛሬም ለመጸለይ ዓይኔን ስጨፍን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይኸው ንግግራቸው ነው፤ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ከጎሬ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጭቃ አንሸራትቶት ተገለበጠ። ማንም አልሞተም። የእኔ ክንድ ተጫረ፣ በቃ፣ አለፈ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የመኪና በር ሲዘጋ ደረቴ ይጨመደዳል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ባጃጅ ላይ አይነሳብኝም፤ በር ስለሌለው ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ታየሁ። ልቤ ደህና እንደሆነ፣ ይህ ድንጋጤው ጥሎብኝ የሄደው ነገር እንደሆነ ነገረችኝና ቀስ በቀስ እንድለማመድ መከረችኝ። እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አልወድም።

በዚህ መሀል ጎሬ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሥራ ተገኘልኝ። ባለቤቷ በስልክ፣ በሚመጣው ሰኞ ካልደረስሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለችኝ። ቁርጥ ያለ ነገር ነው።

በጸሎት ፕሮግራማችን ላይ የጸሎት ርዕስ አድርጌ አቀረብኩት። ከበቡኝ፣ እጃቸውን ጫኑብኝ፣ የፍርሃት መንፈስ ተገሠጸ። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ላብ በላብ ሆኜ ስቆም መሪያችን «እህታችን ነፃ ወጥታለች!» ብሎ አወጀ፤ እልልታው ቀለጠ። ሰውየው ክፋት የለውም፤ ከልቡ ነው የጸለየልኝ። ግን በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ አንድ እግሬን ሚኒባሱ ውስጥ አስገባሁና መልሼ አወጣሁት። አሁን በፍርሃቱ ላይ እፍረት ተጨመረ። እልል ያሉልኝ ሰዎች ጎሬ ደርሰሽ መጣሽ ወይ ሲሉኝ ምን ልበል?

ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጸልይ ነው እንግዲህ እትዬ መርጊቱ ያን የተናገሩኝ።

«ታኢ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ የአቮካዶ ሳጥን ገልብጠው ሰጡኝ። «ፍርሃቱን ውሰድልኝ ትይዋለሽ። ምኑን እንደፈራሽ ነግረሽዋል?»

አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ለእሳቸው ነገርኳቸው። ሚኒባሱ ሲገለበጥ ተሳፋሪው ሁሉ የኢየሱስን ስም ይጠራ ነበር። በወጣቶች ኅብረት ጸሎት የማስጀምረው እኔ ግን ስሙ ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው ዋይታ ብቻ ነው። አሁንም መኪና ውስጥ ስገባ የምፈራው ይህንኑ ነው፤ እንደገና ቢገለበጥና ስሙን ሳልጠራ ብሞትስ?

እትዬ መርጊቱ የሙዙን ደረቅ ቅጠል ማራገፋቸውን ሳይተዉ ሳቅ አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሕፃን ሲወድቅ የአባቱን ስም ይጠራል እንዴ? ያለቅሳል። አባትየው ስሜን አልጠራህም ብሎ ይቀራል?»

እዚያው አለቀስኩ። ሲወጣልኝ፣ በይ አሁን ይህንኑ ለራሱ ንገሪው፣ ከዚያ አፍሽን ዝጊ አሉኝ። እሳቸው እንኳ በማይሰሙት ድምፅ ነገርኩት። ከዚያ ዝም አልኩ። ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ዶሮ ይጨቃጨቃሉ። መልስ ሰማሁ አልልም። ደረቴ ግን ላላ።

በእኛ መናኸሪያ ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ቀድሞ መግባት የሚወድ ሰው የለም። ስለዚህ ረዳቶቹ የሚያውቁትን ሰው ያስቀምጡና የሞላ ያስመስላሉ፤ እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ ያ ሰው ይወርዳል። እትዬ መርጊቱ ቶሌራ የሚባለውን ረዳት ጠርተው እኔን እንዲያስቀምጠኝ በኦሮምኛ ነገሩት። ቶሌራ አየኝና ሥራው ደመወዝ እንደሌለው ይንገሯት አላቸው እየሳቀ።

በየቀኑ ሄጄ እቀመጥ ጀመር። «ፈርቻለሁ፣ አንተ ግን እዚህ ነህ» እላለሁ፤ ከዚያ ዝም። በመጀመሪያው ቀን ሰው ገባ ገባ ማለት ሲጀምር ዘልዬ ወረድኩ። በኋላ እስኪሞላ ቆየሁ። አንድ ቀን ቶሌራ ጠይቆኝ በሩን ዘጋውና ወዲያው ከፈተው። ሐኪሟ ያለችኝም ይኸው ነበር።

እልል ካሉት እህቶች አንዷ በመስኮት አይታኝ፣ ጎሬ ልትሄጂ ነው ወይ ብላ ጮኸች። ገና መቀመጥ እየተማርኩ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችኝም። ተሳፋሪ ሲመጣ አብረን ወረድን።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። ሚኒባሱ ሞላ። ማዳበሪያ የተሸከመ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመ።

«በይ ውረጂ፣ ባለ ወንበሩ መጥቷል» አለኝ ቶሌራ።

ሂሳቡን ዘረጋሁለት። «ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ።»

እኔን አየ፣ ዞሮ ደግሞ እትዬ መርጊቱን አየ። ሰውየውን በሚቀጥለው እንዲሄድ ነገረው። ሁልጊዜ በኃይል የሚዘጋውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እትዬ መርጊቱ ከሙዛቸው አጠገብ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ፈርቻለሁ» አልኩት።

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ የጎሬን መንገድ ያዘ።