ባኮን ያሸነፍን ሰሞን

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አምቦ ውስጥ ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። በረንዳው ላይ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ዘይት እየቀባ ነበር። ያ የዘይት ሽታ ከረጠበ አቧራና ከአዲስ ጨርቅ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ገና ምኑንም ሳላስበው ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ወዲያው ደግሞ ከኳስ ሜዳ የተመለሱ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የለበሱ ወጣቶች እየተገፋፉ ገቡ። የሰፈራቸው ቡድን ስንት ጊዜ አልበገር ያለውን የጎረቤት ሰፈር ቡድን አሸንፎ መምጣታቸው ነው። ስለ አግቢው ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ ማንም ስሙን አላነሳም፤ ሁሉም የሚያወድሱት ተከላካዮቹን ነበር። «ዘንድሮ ኋላችን ተዘግቷል» አለ አንዱ ፀጉሩን እያራገፈ። «ቁጥር አራት እኮ አጥቂያቸውን ኪሱ ከቶት ነው የዋለው» አለ ሌላው። ሰው ሲደሰት አብሬ የምደሰት ሰው ነኝ ብዬ ነው ራሴን የማውቀው። ያን ቀን ግን ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየሁ በልቤ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነበር፤ አጥቂያቸው ምን ሆኖ ነው?

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ባደግኩባት ትንሽ ከተማ፣ እጃጂ ነው፤ ከዛሬ ዐሥር ዓመት በፊት፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ። አባቴ ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ከሳሙና እስከ ሚስማር፣ ከስኳር እስከ ሲባጎ የሚሸጥ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኛ ልጆቹ ቤት ውስጥ ስልጢኛ፣ ሱቅ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ከመንገደኛ ጋር አማርኛ እያወራን አደግን፤ አንዳንዴ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንጨምራቸው እናታችን ትስቅብን ነበር። በረንዳው ግን የኦቦ ቶላ ነበር። ኦቦ ቶላ ልብስ ሰፊ ነው፤ የከተማውን ሰው ሁሉ ወገብ ለክቶ ስለሚያውቅ ማን እንደከሳ፣ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንዳረገዘች ከባለቤቷ ቀድሞ ያውቃል ይባል ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ሰውን ሲያይ፣ የተጣመመ ስፌት የሚፈልግ ይመስላል።

የከተማችን ቡድን በዚያ ዘመን ማሊያ እንጂ ተከላካይ አልነበረውም። በረኛችን ኳስ ስትመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል። መሐል ተከላካያችን ሥጋ ሻጩ ደግሞ ጎል በገባብን ቁጥር ኳሷን ከመረብ ከማውጣት ይልቅ ከዳኛው ጋር መከራከር ይቀለዋል። የጎረቤት ከተማ የባኮ ልጆች በየዓመቱ በበቆሎ መጫኛ አይሱዙ ላይ ቆመው፣ ከቆላው ሙቀት እንደወጡ በስስ ካናቴራ እየዘፈኑ ይመጡና ሦስትም አራትም አግብተውብን፣ እየዘፈኑ ይመለሱ ነበር። ከሁሉም የምንፈራው ገመቹ የሚባለውን ረጅም አጥቂያቸውን ነበር። ያ ልጅ ኳስ ይዞ ሲዞር የእጃጂ ሰው ሁሉ አብሮ ትንፋሹን ይይዛል።

ወንድሜ ነስሩ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከአባቴ ጋር ሱቅ ይሠራል፤ በቆሎ ለማምጣትም ወደ ባኮ ይመላለሳል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የተናገረው ነገር የሚታመን ልጅ ነበር። ያን ክረምት መሐል ተከላካይ ሆነና ከሱቃችን ሲባጎ ወስዶ ራሱን ጨምሮ አራቱን ተከላካዮች ወገብ ለወገብ አሰራቸው። በጭቃ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሦስቱም አብረው እንዲሄዱ፣ ማንም ብቻውን ኳስ ተከትሎ እንዳይሮጥ ነበር ሐሳቡ። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ሲወድቅ አራቱም ተያይዘው እየወደቁ ከተማውን ሲያስቁት ከረሙ። አባቴ «የሸጥኩት ገመድ በሬ እንጂ ሥጋ ሻጭ ሲያስር አይቼ አላውቅም» ይል ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ግን መውደቁም ሳቁም ቀረ፤ አራቱ ያለ ገመድም እንደታሰሩ ሆነው መሄድ ለመዱ።

ከባኮ ጋር ያለን ጨዋታ እሁድ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት እናቴ ከጌዶ የተላከልንን ዕቃ እንድቀበል ወደ መናኸሪያው ላከችኝ። እዚያ ከቆመ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጀርባ ነስሩን አየሁት። ለአንድ ረጅም ልጅ ጥቁር ፌስታል ሰጠው። ልጁ ግራና ቀኙን አየና ፌስታሉን ጃኬቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ባኮ የሚሄደው መኪና ላይ ወጣ። ሲወጣ ፊቱን አየሁት፤ ገመቹ ነበር። ነስሩ ሲዞር እንዳያየኝ የሽንኩርት ጆንያዎች ኋላ ተሸሸግኩ። ለምን እንደተሸሸግኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ምን ሰጠኸው?» ብዬ እዚያው ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት ይነግረኝ ነበር።

እሁድ ዕለት አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎሏ ከማዕዘን የተሻማች ነበረች፤ ሥጋ ሻጩን ጭንቅላቱን መታችው እንጂ እሱ አልመታትም። የቀረው ሰዓት ሁሉ የተከላካዮቻችን ነበር። አራቱ አብረው ሲወጡ፣ አብረው ሲመለሱ፣ ነስሩ እጁን አንስቶ በዚያች ዝቅ ያለች ድምፁ ሲመራቸው ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው እንደ ሰርግ ያጨበጭብ ነበር። እኔ ግን ገመቹን ብቻ ነበር የማየው። ሲዞር ይዘገያል፤ ሲሮጥ እሾህ እንደወጋው ሰው ይረግጣል። አንድ ጊዜ ከበረኛው ጋር ለብቻው ተገናኝቶ፣ በረኛውም እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ፣ ኳሷን ወደ ውጭ ላካት።

ከጨዋታው በኋላ ደጋፊው ሁሉ በረንዳችን ላይ ፈሰሰ። ኳስ አይቶ የማያውቀው አባቴ እንኳ የከረሜላውን ጣሳ ከፍቶ ለሕፃናቱ ሲያድል ነበር። ስለ ሲባጎው ተወራ፤ ስለ ነስሩ እጅ ተወራ፤ «ከአሁን በኋላ በእጃጂ በኩል ንፋስም አያልፍም» ተባለ። ነስሩ ከባንኮኒው ኋላ አንገቱን ደፍቶ ስኳር ይመዝን ነበር። ኦቦ ቶላ ብቻ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «የእኛ ኋላ ጠንክሮ ነው ወይስ የእነሱ ፊት ደክሞ?» አለ። ሰዎቹ ሳቁበት። እኔ ግን ፌስታሉ ዓይኔ ላይ ድቅን አለና ሳልስቅ ቀረሁ።

ማክሰኞ ዕለት ዩኒፎርሜን ላስረዝም ኦቦ ቶላ ፊት ቆሜ ነበር። መርፌ በከንፈሮቹ ይዞ የቀሚሴን ጫፍ እያጠፈ «አንቺ ሙኒራ፣ ወንድምሽ ካሸነፈ ወዲህ ለምንድን ነው ዝም ያለው?» አለኝ። አንድ ትልቅ ሰው የእኔን ሐሳብ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ። ነገርኩት። መናኸሪያውን፣ ጥቁሩን ፌስታል፣ ገመቹ ግራና ቀኝ ማየቱን፣ ሁሉንም። መርፌውን ከአፉ አውጥቶ «ዱጋ?» አለኝ፤ እውነትሽን ነው ማለቱ ነው። «ወላሂ» አልኩት።

እስከ አርብ ከተማው ሁሉ ሰማ። ፌስታሉ ውስጥ ጫት ነበር ያለም፣ መድኃኒት ነበር ያለም፣ ከጠንቋይ የመጣ ነገር ነው ያለም ነበር። አሰልጣኙ ቡድኑን ሜዳ ላይ ሰብስቦ ነስሩን በሁሉም ፊት «ለገመቹ ምን ሰጠኸው?» ብሎ ጠየቀው። በቦታው የነበሩት እንደነገሩን ነስሩ «እሱን የሚናገረው የተቀበለው ሰው ነው» አለና ማሊያውን አውልቆ፣ አጥፎ ሣሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ቤት ሲደርስ አባቴ በስልጢኛ ያንኑ ጠየቀው። «ሐራም ነገር አልሰጠሁም፣ አባ» አለው። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነስሩ መዝኖ ያስቀመጠውን ስኳር፣ ደንበኛ ሳያይ፣ አባቴ እንደገና ሚዛን ላይ ሲያወጣው አየሁ። ነስሩም አይቶታል። መስቀል አልፎ ብዙም ሳይቆይ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ አምቦ አጎታችን ዘንድ ሊሠራ ሄደ። ማን እንዳወራበት አልጠየቀም። ኦቦ ቶላም ሰዎች ሲያፋጥጡት «ሰው ነገረኝ» ከማለት በቀር ስሜን ጠርቶ አያውቅም፤ ይኸው ውለታው እስኪሞት ድረስ ሲያሳፍረኝ ኖረ።

ኅዳር ላይ ገመቹ ራሱ ሱቃችን መጣ። ያው ጥቁር ፌስታል ነበር የያዘው። ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው፤ ታጥቦ የተወለወለ አሮጌ ታኬታ ነበር። ነስሩን ሲያጣው ለአባቴ ነገረው።

«ኦቦ ሸምሱ፣ የእኔ ጫማ ተቀዶ ነበር። አሰልጣኛችን ቢሰማ በቦታዬ ሌላ ሰው ያስገባ ነበር። ነስሩን በቆሎ ሲጭን ነው የማውቀው፤ ትርፍ አለኝ፣ ናና ውሰድ አለኝ። የባኮ ሰው በእጃጂ ጫማ ገባ እንዳይለኝ ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንደ ወትሮህ አልተጫወትክም?» አለው አባቴ።

«ጠበበኝ» አለ ገመቹ። «ሁለት ጥፍሬ ወልቋል።»

የኦቦ ቶላ የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። አባቴ ታኬታውን አንስቶ ለረጅም ጊዜ ሲያገላብጠው ቆየ፤ ከዚያ ለገመቹ መልሶ ሰጠውና ወደ ውስጥ ገባ። ሲሰግድ የቆየ መሰለኝ፤ ሲወጣ ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

የቡድኑ ሰዎች ሁለት ሽማግሌ ይዘው ነስሩን ሊያመጡ አምቦ ድረስ ሄዱ። ምሳ ጋብዞ፣ መኪና ላይ አሳፍሮ መለሳቸው። ያለ እሱ አራቱ ተከላካዮች ሦስት ሆኑ፤ ሦስቱም እንደ ድሮው ኳስ ተከትለው መሮጥ ጀመሩ። ባኮ በዓመቱ መጥቶ አራት አገባብን። በሲባጎው በረኛው ጥጃ አሰረበት። ሰው ሁሉ ነስሩን በከንቱ ጠረጠርነው እያለ ሲቆጭ፣ እኔ ቁጭቴን የምነግረው ሰው አጥቼ አደግኩ፤ ተማርኩ፤ አስተማሪ ሆኜ እኔም አምቦ ገባሁ። ነስሩ ቤት በየኢዱ እሄዳለሁ። ልጆቹን አቅፌ እጫወታለሁ። ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሲጀመር እሱ ቀስ ብሎ ተነስቶ ይወጣል፤ እኔም ያየሁ ሳልመስል ሳህኑን አነሳለሁ።

ባለፈው ወር ያን እሁድ፣ ዝናቡ ሳያባራ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ወጥቼ በቀጥታ እሱ ሱቅ ሄድኩ። የቤት መሥሪያ ዕቃ ነው የሚሸጠው፤ ለአንድ ገበሬ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ገበሬው እስኪወጣ መጠበቅ አቃተኝና «ነስሩ፣ ለኦቦ ቶላ የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት በስልጢኛ። የትኛውን ነገር ብሎ አልጠየቀኝም። ሚስማሩን ቋጥሮ ለሰውየው ሰጠ፤ መንገዱን መረቀለት፤ ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቁጭ አለ።

«ጫማው እንደሚጠበው አውቅ ነበር» አለኝ።

የገበያ ዘንቢሌን ባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩ፤ እሱ ቀጠለ።

«ሁለት ትርፍ ነበረኝ። አንዱ ሰፊ ነበር፤ ካልሲ ደርቤ የምጫወትበት። መጀመሪያ እሱን ነበር የያዝኩለት። ከደጃፍ ላይ ተመለስኩና ቀየርኩት። ለምን አትበይኝ። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ለፍተናል፤ አሰብኩ፤ ቀየርኩ። ሰዉ ሲያወድሰኝ ስኳር ስመዝን አላየሽኝም? ቀና ማለት አቅቶኝ ነው። ስለዚህ አንቺ የተናገርሽው ውሸት አልነበረም። ይልቅ ቁጭ በይ፣ ርሰሻል።»

ተቀመጥኩ። ሻይ አስመጣልኝ፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን፤ ሲመሽ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ግን የማደርገው አንድ ሥራ አለ፤ የዚያን ዘመን ነስሩን እያስታወስኩ እግሩን አያለሁ። ካልሲ ደርቦ ሲጫወት አይቼው ነበር? በራችን ጥግ ስንት ጥንድ ታኬታ ነበር የሚቀመጠው? ሲባጎውን አስታውሳለሁ፤ የገመቹን አረጋገጥ አስታውሳለሁ፤ ሰፊ ጫማ ግን አላስታውስም። ምናልባት ነበረ፤ ምናልባትም ወንድሜ ዐሥር ዓመት የተሸከምኩትን ሊያወርድልኝ ሲል እዚያው ሚስማር እየቋጠረ በራሱ ላይ የፈጠረው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ ይጠበቃል። ጫማውን ከደጃፍ ተመልሶ መቀየርም፣ አሁን ሳስበው፣ ከእሱ ሊጠበቅ ይችላል። የቱን እንደማምን አላውቅም፤ ሁለተኛ ብጠይቀው የሚሰጠኝን መልስም ልክ እንደዚሁ አላምነውም።

የጠፋብኝ ይህ ነው። ስምንተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነስሩ ቀድሞ ይሄድና መንገዳችን ላይ ካለው ወንዝ ማዶ ሆኖ «አልሞላም፣ ነይ» ይለኝ ነበር፤ እኔም ውሃውን ሳላየው እገባ ነበር።