የደባርቅ የበቅሎ ተራና የተበላሸው ፎንት

ቫይረስ አይደለም። የአማርኛ ጽሑፍ ኮምፒዩተር ላይ በተዘበራረቀ ቁጥር ሰው ሁሉ «ቫይረስ በላው» ይላል። ደባርቅ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ግን ቫይረስ የበላው ጽሑፍ አንድም አላጋጠመኝም። የሚበላሸው ፊደሉን ስክሪኑ ላይ የሚስለው ፎንቱ ነው፤ ጽሑፉ እዚያው ተቀምጦ ሰው እስኪያስታውሰው ይጠብቃል።

ይህን አፌን ሞልቼ መናገር የጀመርኩት ከአንድ የበቅሎ ተራ ወዲህ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ቱሪስት ሲመጣ፣ በሰሜን ተራሮች ወዳሉት ሰፈሮች፣ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ፣ ዕቃ የሚጭኑት በቅሎዎች በተራ ይወጣሉ። ተራው ያመለጠው ሰው ዙሩ እስኪመለስ ሳምንታት ይጠብቃል። የበቅሎ አከራዮቹ ጸሐፊ ዝርዝሩን ኮምፒዩተር ላይ ካስገባ በኋላ «ዘምነናል» ብሎ የወረቀቱን መዝገብ አቃጠለው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ። ዝርዝሩ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ተገኘ። እኔ ተጠራሁ።

ስደርስ ፍርዱ ተሰጥቷል፦ ኮምፒዩተሩ ፎርማት ተደርጎ ያለው ሁሉ ይጥፋ፣ አዲስ ዕጣ ይውጣ።

በሩ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «የምን ዕጣ? ከእኔ ፊት ያለው አንድ ሰው ነው። ነገ ተነገ ወዲያ ስጭን!» አሉና የሰዎቹን ስም ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ጠሩ። ማንበብ አይችሉም።

«አባባ፣ ሁለተኛ ነኝ ማለትዎ ራሱ ትሕትና ነው» አለ አንድ ጎረምሳ። «አንደኛ ነኝ ቢሉስ ማን ያየዎታል?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ጸሐፊውን እስከ ማታ እንዲታገሠኝ ለመንኩት። በዚያው ፎንት «በቅሎ» ብዬ ጻፍኩ፤ የወጣው ዝብርቅርቅ በዝርዝሩ ርዕስ ላይ «በቅሎ» በሚለው ቃል ቦታ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ አልተነካም። ያ ፎንት ያለው ሌላ ኮምፒዩተር ደግሞ እኔ የማውቀው ጎረቤት ከተማ ዳባት ነበር፤ ፈተና የሚተይብ ወዳጄ ዘንድ። ፍሎፒ ዲስኬን ደረት ኪሴ ከትቼ በሚኒባስ ሄድኩ፣ ፎንቱን ቀድቼ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። የተበላሸውን ፎንት አጠፋሁ፣ ደህናውን ጫንኩ፣ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ከፈትኩ።

ዝርዝሩ ወጣ።

«እስቲ እንደገና ይጥሩልኝ፣ አባባ» አልኳቸው። እሳቸው ሲጠሩ እኔ ስክሪኑ ላይ በጣቴ ተከተልኩ። አንድም አልሳቱም። የጎረምሳው ስም ወደ ታች፣ ከመጨረሻዎቹ መካከል ሲጠራ ልጁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሽማግሌው ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ አሉ። «ታዲያ ይኼ ሣጥን እኔ ያልኩትን ለመድገም ነው ዳባት ድረስ የላከህ?»

 ኩራቴ ለሁለታችንም የሚበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ጥቂትም ጽፌያለሁ፤ እንደዚያች አንድ ገጽ የኮራሁበት የለኝም፤ እሷን ደግሞ የጻፍኳት እኔ አይደለሁም። ሽማግሌው በተራቸው ጭነው ወደ ሳንቃ በር ሲወጡ መንገድ ዳር ቆሜ አየኋቸው። ዘወር ብለውም አላዩኝ። ተራቸው ነበራ፤ ምን ውለታ አለብኝ ይበሉ?

አንተም አንባቢ፣ ጽሑፍህ ሲዘበራረቅ ፎርማት አታስደርግ። መጀመሪያ ፎንቱን ቀይር። ወረቀቱንም አታቃጥል።