ያልነቃው ሻይ

ባሌን ፈትቼ ከቋሪት ወደ ቡሬ የወረድኩት ጣሊያን ከተማው ዳር ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አልወደድኩትም። ይህን ለሽማግሌ ማስረዳት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። አባቴ ሰው ልከው ቁርጡን ነገሩኝ፦ እስከ ገና በራሴ እጅ የማድር መሆኔን ካላሳየሁ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ወደ ባሌ ቤት ይመልሱኛል። እኔም አልመለስም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ቤት ያከራዩኝ ሴት ሙስሊም ነበሩ፤ ባላቸው በመተማ መንገድ ሲነግዱ ኖረው ሞተውባቸዋል። እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸው ቤቱንና ምድጃውን፣ እኔ ጉልበቴን አዋጥተን ሻይ ቤት ልንከፍት ተስማማን። ለቅዳሜ ገበያ የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ሜዳ ላይ አድረው ጎህ ሲቀድ በብርድ እየተንዘፈዘፉ ነው የሚነሱት። የጣሊያኑ ሱቅ ገብተው መጠጣት ደግሞ አይወዱም።

ቅጠላችን ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የእትዬ ባል ከሱዳን በመተማ አምጥተው የተዉት ግማሽ ጆንያ ነው፤ ደቃቅ፣ ጥቁር፣ ለብቻው ከፈላ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። መንገዱ ስለተዘጋ ካለቀ ሌላ አይገኝም። ሁለተኛው በቆርቆሮ የሚሸጠው የጣሊያኑ ሱቅ ቅጠል ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ጉልበት ግን የለውም። መቀላቀል ነበረብን፤ ጭንቁ ስንት በስንት የሚለው ነው።

ያን ዓመት ረመዳንና የነቢያት ጾም ተገጣጠሙ። እትዬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አይቀምሱም። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት እችል ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው ደረቅ አፋቸውን ተቀምጠው እያዩኝ መቅመስ ነውር መስሎ ስለታየኝ እጠብቃቸዋለሁ። ሲመሽ በተምር ካፈጠሩ በኋላ ቅምሻ እንጀምራለን። በሲኒ እየሰፈርን እንቀላቅላለን፣ እናፈላለን፣ ብርጭቆውን ወደ ኩራዙ ከፍ አድርገን ቀለሙን እናያለን፣ ከዚያ ፉት። አንድ የመተማ በአንድ የቆርቆሮ ስናደርግ እትዬ ደረታቸውን ይዘው "ይኼስ በቅሎ ይጥላል" አሉ። እየቀነስን እየቀነስን አንድ በአራት ላይ ደረስን። እኔማ እሱም ራሴን አዞረኝ። ጠንካራ ሻይ ማለት ይኼ ነው ብለን ፈረድን።

ረመዳን በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ በማለዳ ከፈትን። ስድስት ነጋዴዎች ገብተው ተቀመጡ። ትልቅየው ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡት።

"እቴ፣ ይኼ ሻይ ራሱ ገና አልነቃም። እኛን በምን ሊቀሰቅሰን ነው?" አሉኝ።

ሌላው ይህ የጣሊያኑ ሱቅ ሻይ ነው አለና ግማሹን ትቶ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ደሜ ፈላ። ምላስ የላቸውም ብዬ ልሳደብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መብላት መጠጣት ስለሚፈቀድ ከማንቆርቆሪያው የተረፈውን ቀድቼ ቀመስኩት። ስኳር የነካው ሙቅ ውሃ ነው። ያው ቅጠል፣ ያው ስፍር፤ ማታ ማታ ራሴን ያዞረኝ ያ ሻይ። ቀኑን ሙሉ ባዶውን የዋለ ሆድ ምንም ቢገባበት ይበረታበታል። ነጋዴዎቹ ግን ራታቸውን በልተው ያደሩ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ የቅጠሉ ሳይሆን የእኛ የዳኞቹ ነበር፤ በጣም አፈርኩ።

እትዬ ነገሩን እንተወው አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ማታ መቅመስ ቀረ አልኳቸው። እሳቸው ከጾሙ ወዲህ ሆዳቸውን እያመማቸው ሻይ ሁሉ ስለሚከብዳቸው ፍርዱ የእኔ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ በአዘቦት ቀን ጠዋት ጿሚ ነኝ፤ እሑድ ቅዳሴ አለ። እስከ ገና የቀሩኝ ጥቂት ቅዳሜዎች ብቻ ነበሩ።

እንደ ነጋዴዎቹ ልሆን ቆረጥኩ። ዓርብ ራቴን ቆሎና ቂጣ በልቼ ጋቢ ለብሼ ደጅ አደርኩ። ጎረቤት አበደች አለኝ፤ ይበል። ጎህ ሲቀድ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ተነስቼ አንድ በአንድ የሆነውን ቀመስኩ፤ በቅሎ ይጥላል የተባለው እንኳን ገና እንቅልፋም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት የመተማ በአንድ አደረግሁት፤ ቀለሙ ደረሰ፣ ጉሮሮዬን ግን ፋቀው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሦስት በሁለት ስል፣ የቆርቆሮውንም እንዳይፈላ ከእሳት ካወረድኩ በኋላ ስጨምረው፣ መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ምላሴን ሰብሰብ አደረገው፣ ከዚያ ዓይኔ ተገለጠ። ትልቅየውን ነጋዴ ከገበያ ጠርቼ ባስቀምሳቸው "አሁን ነቃ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው አልጠፋም።

ከገና በኋላ በዋለው ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ለእኔ የተጫነች በቅሎ ይዘዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ነጋዴዎቹ መካከል አስቀመጥኳቸውና ቀዳሁላቸው። አባቴ በዕድሜያቸው ሻይ ቀምሰው አያውቁም። ፉት አሉና ፊታቸው ተኮሳተረ።

"ይመራል" አሉ።

"የጠዋት ነው፣ አባባ" አልኩ።

ግን ጠጡት። መቀመጫው ሁሉ ሞልቷል፤ ከዚህም ከዚያም ይጠሩኛል፤ አባቴ በዓይናቸው ይከተሉኛል። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ባሌ መናገር ሲጀምሩ አባቴ በእጃቸው አስቆሟቸው። ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ዘረጉ።

"ድገሚኝ።"

ሦስት ጠጡ። ሲመለሱ ለእኔ በተጫነችው በቅሎ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ሄዱ።