ቀኟን ያዝ፣ ግራ የላትም

ትናንት ከሰዓት ሄሉ ሰፈር ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነበርኩ። አንድ ቦዳቦዳ ነጂ፣ ማለትም ባለ ሞተር ታክሲ፣ እኔ እየሰማሁት፣ ለጓደኛው «ቀኟን ያዝ፣ ግራ የላትም» አለው...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ሽቲና ሻሽ ነው የምሸጠው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ በበኩር ልጄ ስም ማማ ፈይሰል ይሉኛል። ቅርጫት ኳስ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አዎ፣ ከነሂጃቤ። የሚስቅ ካለ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ።

አምስት የገበያ ሴቶች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ለአንድ ሰዓት የእኛ ነው። አሰልጣኛችን ቲቸር ዳኪ እስካሁን ያስተማረችን ማቀበል ብቻ ነው፤ ከደረት ገፍቶ፣ ከራስ በላይ ወርውሮ፣ መሬት አንጥሮ። ቅርጫቱን እንኳ ገና በሩቁ ነው የማውቀው።

ትናንት ታዲያ ይሄ ቦዳቦዳ ነጂ፣ ዋርዮ ይባላል፣ ጓደኛውን አስከትሎ መጣና ሰዓቱ ለወንዶቹ ይመለስ አለ።

«እነዚህ ሃያ ጊዜ እንኳን ሳይነጠቁ አይቀባበሉም» አላት ቲቸር ዳኪን።

«ከተቀባበሉስ?»

«ቅዳሜ እዚህ ሜዳ ድርሽ አልልም።»

ተስማማን። እኛ አምስታችን ልንቀባበል፣ እነሱ ሁለቱ መሃል ገብተው ሊነጥቁ፣ ሁለት ሙከራ ብቻ። ካልቻልን ሰዓታችን ሄደ። ያቺ ሰዓት ደግሞ ከሳምንቱ ሁሉ ማንም «ማማ፣ ይሄን አውርጂልኝ፣ ያንን አሳይኝ» የማይለኝ ብቸኛዋ ሰዓቴ ናት።

የመጀመሪያው ሙከራ አስራ ሁለት ላይ ከሸፈ። በእኔ። ዋርዮ በቀኜ ቆሟል፣ ከሱቄ አጠገብ ጫማ የምትሸጠው ሶፊያ በግራዬ ባዶ ቦታ ላይ እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። እኔ ግን ኳሱን በቀኜ ልሰጣት ስዞር ነጠቀኝ። ከዚያ ነው «ግራ የላትም» ያለው። ደሜ ፈላ። የባሰው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

ቲቸር ዳኪ ጠራችኝ። «ማማ ፈይሰል፣ ኩሾቶ፣ ኩሾቶ፣ ወደ ግራ እያልኩ ስጮህ አትሰሚም? በግራሽ ለምን አላቀበልሻትም?»

«ቲቸር፣ ለሰው በግራ እጅ ይሰጣል እንዴ?»

የምሬን ነው። ልጅ ሆኜ ለአጎቴ ጨው በግራዬ ባቀብል እናቴ ጣቶቼን በማማሰያ ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ አንድ ሻሽ በግራዬ ሰጥቼ አላውቅም። እኔ ልስጥ ብል እጄ ራሱ እምቢ ይለኛል።

ቲቸር ዳኪ አልሳቀችብኝም፤ እሷም እዚሁ ነው ያደገችው። «በግራሽ ስጪና በቀኝሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ» አለችኝ። ሶፊያ ከኋላዬ ቀጠለች። «እኔ እንደሆንኩ በእግርሽም ብትሰጪኝ እቀበላለሁ።»

ሁለተኛው ሙከራ ተጀመረ። ቲቸር ዳኪ በስዋሂሊ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። አስራ አምስት... አስራ ስምንት... አስራ ዘጠኝ ላይ ኳሱ እኔ እጅ ገባ። ዋርዮና ጓደኛው ሁለቱም ቀኜን ያዙት። ግራዬን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። የእናቴ ማማሰያ እንኳን ትዝ አለኝ። ከዚያ ግን «የላትም» ያለው ትዝ አለኝና እልሁ ፍርሃቱን በለጠው። በግራ እግሬ አንድ እርምጃ ወጣሁ፣ ኳሱን በግራ እጄ ዝቅ አድርጌ በዋርዮ ብብት ስር መሬት አነጠርኩት... ሶፊያ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ።

«ኢሺሪኒ!» አለች ቲቸር ዳኪ። ሃያ።

ዋርዮ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። «ማማ ፈይሰል፣ በግራ እጅ ለሰው ይሰጣል? አታፍሪም?»

«ለሶፊያ ነው የሰጠሁት» አልኩት። «ተከፍታ እንደሆነ ሂድና ጠይቃት።»

ሶፊያ ኳሱን አቅፋ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ዋርዮም ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፤ ቅዳሜያችን እንዳለች አለች።

ሱቄ ውስጥ ዛሬም በቀኜ ነው የምሰጠው። ትናንት በግራዬ ስሰጥ ግን የተቀየመኝ፣ ያልሰጠሁት ሰው ብቻ ነው።