ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በባዶ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ የሚጠራው «እሺ» እያለ ነው። ስሙ በክፋት የወጣለት አይደለም። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሰው «እስቲ ይህቺን ነገር…» ሲለው ነገርየዋ ምን እንደሆነች ሳይሰማ እሺ ይላል። እናታችን «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለች ነው ያሳደገችን። እኔ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። እሱ ግን እንዳለ ዋጠው፤ ይኸው እስከ አርባ ሰባት ዓመቱ አልፈጨውም።

የመኪናዋን የመጀመሪያ አዲስ ጥርሶች ያቃጠለውም በዚሁ ነው። የመኪናዋ ዲፈረንሻል ማልቀስ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለቱ ጥርሳም ብረቶች፣ መካኒኮች ኮሮና ፒኞን የሚሏቸው፣ አልቀው ስለነበር በአዲስ ተቀየሩ። አዲስ ጥርስ ደግሞ ወዲያው ሸክም አይወድም። ጥርስ ከጥርስ እስኪላመድ ድረስ በባዶ፣ በዝግታ፣ ሲግል እየቆሙ መንዳት ያስፈልጋል። መካኒኩ ይህን ነገረው፤ እሱም እሺ አለ። ከጋራዡ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው የአክስታችን ባል መንገድ ላይ አስቆመውና ለቤቱ መሠረት የሚሆን «ትንሽ ድንጋይ» እንዲያመጣለት ለመነው። ለእሱም እሺ አለው። ያቺ ትንሽ ድንጋይ መኪናዋን አጉብጣ ዳገቱን ወጣች። በማግስቱ ዲፈረንሻሉ ሲከፈት ጥርሶቹ ከሙቀቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆነው ነበር።

ሁለተኛዎቹ ጥርሶች ሲገቡ ጋራዡ ድረስ አብሬው ሄድኩ፣ ምስክር እንድሆን። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ፣ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ምንም ነገር፣ ዶሮ እንኳን፣ እንዳይጭን ነገረው። ሃያ አምስት ደቂቃ ይነዳል፣ እስክትቀዘቅዝ ይቆማል፣ እንደገና ይነዳል። ሰኞ የሲሚንቶ ፋብሪካው ሥራ ይጀምራል፤ መኪናዋ ሰኞ ካልቀረበች ተራው ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። ሚስቱም ይህኛው ከተቃጠለ ቤት እንዳይመጣ፣ እዚያው መኪናው ውስጥ እንዲያድር ነግራዋለች። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

የእኔ ጉዳይ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። አስራ አንድ ዓመት የኖርኩትም የሰፋሁትም በአንድ ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ነው፤ ደንበኛ እኔን ለማግኘት ሦስት በር ማንኳኳት አለበት። በስንት ልመና ዋናው መንገድ ላይ መስኮት ያላት ክፍል ተገኘችልኝ። አከራይዋ ግን ቀልድ አታውቅም፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ዕቃሽ ካልገባ ክፍሏን ለሚጠብቃት ፀጉር አስተካካይ እሰጣለሁ አለችኝ። ዕቃዬን የሚያጓጉዝልኝ ወንድሜ እንደሆነ ከወር በፊት ተስማምተናል። ጨርቄን በጆንያ፣ ክሮቼን በካርቶን አድርጌ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ባዶዋ መኪና በደጄ አለፈች። ተመልሳ መጣችና የግቢያችን በር ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመች። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ፣ ጥላም ስላለው፣ ለዚህ ሥራ የመረጠው የእኔን ደጅ ነው። ወርዶ በጉልበቱ ይንበረከክና ዲፈረንሻሉን በመዳፉ ጀርባ ይነካዋል፣ የሕመምተኛ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ከዚያ ገብቶ፣ ከታሰሩት ጆንያዎቼ በአንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ሻዬን ይጠጣል። በቀን ስምንት ጊዜ። ስምንት ጊዜ ሻይ አፈላሁ።

ሰው ደግሞ ባዶ መኪና ሲያይ አያስችለውም። ምግብ ሲደፋ ያየ ያህል ያንገበግበዋል። አንዱ «ለምን በባዶ ትመላለሳለህ?» ይለውና አሸዋ ያሳየዋል። ሌላዋ ፍሪጅ አላት። አንድ ሰውዬ ፍየሉን በገመድ ይዞ ሁለት ቀን ሙሉ ዛፉ ሥር ጠበቀው። ወንድሜ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል እየቀላ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ጥርሱ አዲስ ነው» ይላል። እምቢ የምትለዋ ቃል ከአፉ አትወጣም፤ ግን ማንንም አልጫነም።

ሐሙስ ዕለት፣ ሻዩን እንደያዘ፣ የእኔን ዕቃ ለቅዳሜ ጠዋት አስታወስኩት። አይሆንም አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይቀረኛል፣ ከእሁድ በኋላ የፈለግሽውን አለኝ። ከእሁድ በኋላማ ክፍሏ ውስጥ ፀጉር እየተቆረጠ ነው። እሺታውን ለሰው ሁሉ ሲያዘንብ የኖረ ሰው፣ ያችን አንዲት እምቢታውን ለእናቱ ልጅ ሰጣት። ብርጭቆውን ከእጁ ነጠቅኩት።

ሌላ መኪና መከራየት ነበረብኝ። ግን ባለ መኪና ወንድም እያላት ሰው ቀጠረች እንዳይሉኝ ብዬ፣ የእሱም ልብ ይራራል ብዬ፣ ሐሙስን በእልህ አሳለፍኩት። አርብ ዞሬ ስጠይቅ ያሉት መኪኖች ለቅዳሜ ተይዘዋል። ያገኘሁት የአትክልት ሻጩን የእጅ ጋሪ ብቻ ነው፤ አንዱ ጎማው ወደ ግራ ካልሄድኩ የሚል።

ቅዳሜ ገና በጠዋቱ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና ጭኜ ስገፋ፣ ባዶዋ መኪና በአጠገቤ አለፈች። በክላክስ ሰላም አለችኝ። የተናገርኩትን ለመጻፍ አፍራለሁ።

ስመለስ ወንድሜ መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አልጋዬን ፈታትቶ ጠበቀኝ። ጋሪውን ጫነና መግፋት ጀመረ። የአስር ቶን መኪና ባለቤት፣ መኪናውን ባዶዋን አቁሞ፣ በጎኗ የእጅ ጋሪ እየገፋ ሲያልፍ መንገዱ ሁሉ ቆሞ አየን። ባለፍየሉም አየን። መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ሄዶ ይነዳል፤ ስትግል ተመልሶ ይገፋል። እንዲህ እያልን ከጠረጴዛዬ በስተቀር ሁሉንም ጨረስን።

ጠረጴዛው የጨርቅ መቁረጫ ነው፣ ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል። ጋሪው ላይ ብናወጣው ጋሪው ተገለበጠ። ለስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ቀረው። መኪናዋ እዚያው ሦስት እርምጃ ላይ፣ ቀዝቅዛ፣ ባዶዋን ቆማለች። ወገቤ ተቆርጧል፤ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህችን ብቻ። እንጨት እኮ ናት» አልኩት።

አላየኝም። መኪናዋን ነው የሚያየው።

«አንቺን እሺ ካልኩ የሚቀጥለውን እምቢ ማለት አልችልም» አለ። «ራሴን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ከከፈትኩት አልዘጋውም። ልጆቼ የሚበሉት ከዚህች መኪና ነው። እባክሽ አትለምኝኝ።»

እኔ በንዴት አለቀስኩ፤ ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ጠረጴዛውን ገልብጠን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ በጭንቅላታችን ተሸክመን ወጣን። መንገዱን አላየሁትም፤ የእሱን ተረከዝ ብቻ እያየሁ ነው የሄድኩት። ስንደርስ አከራይዋ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች፤ ፀጉር አስተካካዩ ትልቅ መስታወት አቅፎ ከጎኗ ቆሟል። አራት ደቂቃ ቀርቶን ነበር። መስታወቱን እንዳቀፈ ሄደ። ወንድሜም ፊቱን ታጠበና የቀረችውን መንገድ ለመጨረስ በእግሩ ወደ መኪናው ተመለሰ።

እሁድ ዘይቱ ተቀየረ፤ ዲፈረንሻሉ ዝም አለ። ሰኞ ሲሚንቶ ጫነ።

ከአስር ቀን በኋላ መካኒኩ ሱሪ ሊያሳጥር አዲሷ ክፍሌ መጣ። እግሩን እየለካሁ ያቺን ቅዳሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ትከሻዬ ገና ያመኝ ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በራሱ በመካኒኩ ላይ ነው የጫንኩት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ አየኝ።

«አልጋና ጠረጴዛ?» አለ። «መኪናዋ ብቻዋን ስንት ቶን ናት! የቤትሽ ዕቃ ዝንብ ያረፈባት ያህል ነው። ምንም እንዳትጭን ያልኩት እኮ እሱን ስለማውቀው ነው። ትንሽ ብትጭን አይጎዳም ብለው ኖሮ አገር ምድሩን ጭኖልሽ ይመጣ ነበር።»

ደሜ ፈላ። መርፌዎቹን ከአፌ ሳላወጣ ተነሳሁ፤ ነገ ሳልል አሁኑኑ ለወንድሜ ልነግረው፣ ያንን ጠረጴዛ በከንቱ እንዳሸከመኝ በሰው ፊት ልነግረው። ወዲያው መኪናዋ መንገዱ ዳር ቆመችና ወንድሜ ገባ፣ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆኖ። ለመካኒኩ ሰላምታ እንኳን አልሰጠም፤ ወደ እኔ ነው የመጣው።

«የአጎታችን ልጅ ድንች ጫንልኝ አለኝ» አለ። «ከሲሚንቶው ላይ ደርቤ። እምቢ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ተቆጣ። ይቆጣ!» አለ፣ ከራሱ አፍ በሰማው ነገር እየተገረመ። «እምቢ ብዬው ሄድኩ፤ ምንም አልሆንኩም እኮ።»

መካኒኩ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ተመልሼ ከእግሩ ሥር ቁጢጥ አልኩና በመርፌ ወጋ አደረግኩት። ቁልቁል አየኝ። እንዳይናገር ራሴን ነቀነቅኩለት። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ሱሪውን መለካቴን ቀጠልኩ።